ሁለት መቶ አርባ ወንበር

«ወልደ ኪዳን የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«የለም ልጄ፣ አባቴ ናቸው።»

«ለዛሬው ጉባኤ ተመዝግበዋል። ይመጣሉ?»

ከስልኩ ማዶ አንዲት በግ ስትጮኽ ተሰማ።

«ከየት?» አሉ ሰውየው።

ቃልኪዳን ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ዘጋች። ከንጋት ጀምሮ ከደወለችላቸው አሥራ አራት ሰዎች የዘጠኙ መልስ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እሷ ግን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ሻዩዋ እየቀዘቀዘ፣ ኮምፒዩተሯ ላይ የሚበራውን አረንጓዴ ጽሑፍ ታያለች፦ 240 ከ240። ንፋስ መውጫ ውስጥ ከሰዓቱ በፊት የሞላ ነገር ሲታይ ምናልባት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጉባኤው የሚደረግበት የማኅበሩ አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉም ጣውላ። አምና በአንድ ሠርግ ላይ ሰዉ እስክስታውን ሲያቀልጠው አንዱ ማዕዘን ተሰነጠቀና ሙሽራዋ እስከ ጉልበቷ ሰመጠች። መሐንዲስ ተጠራ፤ ወለሉን በመዶሻ እየኳኳ ዞረ፤ «ከሁለት መቶ አርባ ሰው በላይ አንድ ነፍስ እንዳይወጣ» ብሎ ፈረመ። ዛሬ ደግሞ ስድሳ ዓመት ድጓ ያስተማሩት የኔታ ቀለመ ወርቅ ከቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት መጥተው ለመጨረሻ ጊዜ በሕዝብ ፊት ያዜማሉ። በሩ ለመጣ ሁሉ ከተከፈተ ወለሉ የሠርጉን ቀን ይደግመዋል። ስለዚህ የኮምፒዩተር መምህርቷ ቃልኪዳን ከአዲስ አበባ አንድ የትኬት ሶፍትዌር አስመጣች፤ «ጠቅላላ የመያዝ አቅም» በሚለው ሣጥን ውስጥም 240 ብላ ጻፈች። ትኬቱ ነፃ ነው። ስምና ስልክ ላስገባ ሁሉ ኮድ ይላክለታል፤ ሲሞላ ይዘጋል፤ የዘገየ በተጠባባቂነት ይሰለፋል። የመጀመሪያውን ትኬት ለሙከራ በራሷ ስም ቆረጠች። በሁለተኛው ቀን ሞላ።

ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ አገሩን የዘነጋችው እሷ ነች። እዚህ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ነገር ስም ሲያስመዘግብ ወንበር ትዝ አይለውም። ስመ ክርስትናውን ሰጥቶ ካህኑ በጸሎት እንዲጠራለት ይጠብቃል፤ ዕድሉ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ራሱን ያስቀርና ሙታኑን ያስቀድማል። «የኔታ ዘንድ ስም እየተመዘገበ ነው» የሚለው ወሬ ከእስቴ እስከ ወገዳ ሲዳረስ፣ ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በጎረቤቱ ስልክ የሞተበትን አስገባ። አንዱማ «ሙሉ ስም» በሚለው ቦታ ላይ «ገብረ ሥላሴ፣ በሰባ ሰባት ያረፈው» ብሎ ሞልቷል። ሶፍትዌሩ ሁሉንም እጅ ነስቶ ተቀብሏል።

የጉባኤው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዓለምነህ ነገሩን ሲሰማ ሳቁን ጨርሶ አሰበ።

«ተያቸው። ከሙታን የበለጠ ጸጥ ብሎ የሚሰበሰብ የት ይገኛል? ደግሞ ለዞን ‹ሞልቷል› ብዬ ሪፖርት ልኬያለሁ።»

«ጋሼ ዓለምነህ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሞልቷል ይባላል?»

«አንች፣ እስከ ዛሬ ምን ስንል የኖርን መሰለሽ?»

አልተዋቻቸውም። ተጠባባቂዎቹ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የኔታም ሁለተኛ አያዜሙም። እየደወለች አጣራች፤ እያጣራች ሰረዘች። ሶፍትዌሩ በየስረዛው ምክንያት ይጠይቃል፦ «ሐሳቡን ቀይሯል»፣ «ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል»፣ «ሌላ»። ለሙታኑ «ሌላ»ን መረጠች።

ሰማንያ ስምንተኛው ላይ እጇ ቆመ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት። ከሥሩ ያለው የእናቷ ስልክ ነው።

አባቷ የየኔታ ደቀ መዝሙር ነበር። ካረፈ ስድስት ዓመቱ። የእናቷን ስም ፈለገች፤ የለም። ወገዳ ሆና፣ በዚያ መንገድ፣ ትመጣለች ብላም አላሰበችም። መደወል ትችል ነበር፤ «ይመጣሉ?» ብላ ለመጠየቅ ግን አፏ እሺ አላላትም። የሰማንያ ሰባት ሰው አባትና እናት ሰርዛ የራሷን ብታስቀር ደግሞ ነገ ምን ብላ ትናገራለች? «ሐሳቡን ቀይሯል» የሚለውን ለአፍታ አየችው። ከዚያ «ሌላ»ን ነካች። ወንበሩ በዓይን ጥቅሻ ለአንድ ተጠባባቂ አለፈ።

ስምንት ሰዓት ላይ በበሩ ቆማ ኮድ ታነባለች። ስልኳ ለሚገባው አረንጓዴ፣ ለማይገባው ቀይ ያበራል። ሰዉ እየተገፋፋ፣ ጋቢውን እያስተካከለ ወደ ደረጃው ያልፋል። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል እናቷ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ከነመንገድ አቧራዋ ከፊቷ ቆመች፤ ኮዱ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ከመቀነቷ ፈታ ሰጠቻት።

«የአባትሽ ነው። እሱን አስገቢልኝ። እኔ እዚህ ደጁ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።»

ቃልኪዳን ቁጥሩን አስገባች። ቀይ።

«ምን አለ?» አለች እናቷ። ማንበብ ባትችልም ቀለም ታውቃለች።

«እማዬ… ትንሽ ቆዪ።»

ጀርባዋን ሰጥታ ቁጥር አንድን፣ የራሷን ትኬት፣ ከፈተች። «ስም ቀይር» የሚለውን ነካችና መሪጌታ ወልደ ሰንበት ብላ ጻፈች። አረንጓዴ በራ። እናቷ ሦስቴ አማተበችና ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

አቶ ዓለምነህ ከላይ እየተጣደፈ ወረደ። «አንድ ወንበር ባዶ ነው! ይህ ገበሬ ከእስቴ አድሮ ነው የመጣ፤ ልውሰደው?» ከአጥሩ ሥር በትሩን ተደግፎ የቆመውን፣ ትኬት የሌለውን ሰው ያሳያታል።

«ተይዟል» አለች ቃልኪዳን። ጠዋት የተከራከረችው ክርክር በራሷ አፍ ውስጥ ሲመር ተሰማት።

«ማን ያዘው?» አለች እናቷ ከድንጋዩ ላይ።

«አባዬ ነዋ።»

እናቷ ገበሬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ልጇን፣ ይህን ሁሉ ትምህርት ተምራ ይህን ያጣች ልጇን፣ አየቻት።

«እና የእሱን ተዝካር ማን በላው? እሱ ራሱ ነው? ሰው ነው በስሙ የበላለት።» ወደ ገበሬው ዞረች። «ግባ ወንድሜ። በወልደ ሰንበት ስም ተቀመጥ፤ ሲያልቅ ነፍስ ይማር በልልኝ።»

ገበሬው በትሩን ለአቶ ዓለምነህ አስይዞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ወደ ላይም ወጣ። የደረጃው ጣውላ ከሥሩ ሲንቋቋ ቃልኪዳን እርምጃውን ቆጠረች። ከዚያ ጸጥ አለ። ወለሉ ቻለ።

ላይ የመቋሚያ ድምፅ አንድ ጊዜ ተሰማ፤ የየኔታ ድምፅ፣ ቀጭንና ያልተሰበረ፣ በመስኮቱ ወጣ። እናቷ በድንጋዩ ላይ ጠጋ አለችላት። ቃልኪዳን ተቀመጠች። ስልኳ ላይ የተሰረዙት ዝርዝር ክፍት ነው፤ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ «ሌላ» ይላል።

«ስንት ናቸው?»

«ከአባዬ ሌላ ሰማንያ ሰባት።»

«በይ ጥሪያቸው እንግዲህ፤ የኔታ ሳይጨርሱ።»

ቃልኪዳን ወደ ዝርዝሩ ራስ ወጣች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወልደ ኪዳን» አለች በለሆሳስ።