ያልመጣው ፉጨተኛ

አራሚው ከማተሚያ ቤት ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የሙያው አመል ግን አለቀቀውም። የመድኃኒት ብልቃጥ ሲሰጡት እንኳ ከአወሳሰዱ በፊት የፊደል ግድፈቱን ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እሱና ሚስቱ ጓሯቸው ውስጥ ለወፎች ጥሬ የሚበተንበት የጣውላ ገበታ ሰቅለው የሚመጣውን ወፍ መመዝገብ ሲጀምሩ፣ ሥርዓቱን ያወጣው እሱ ነው። ማተሚያ ቤት አንዱን ጽሑፍ ሁለት ሰው ለየብቻ ያነብበውና በኋላ ይመሳከራል። እነሱም ረፋድ ላይ ለግማሽ ሰዓት ከጓሮው በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ያዩትን በየብጣሽ ወረቀታቸው ይጽፋሉ። ከዚያ ተራ በተራ ያነብባሉ። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ሁለቱም ያዩት ወፍ ብቻ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ወፎቹ እኮ ፈተና ሊቀመጡ አይደለም የመጡት" ትለው ነበር ሚስቱ መጀመሪያ ላይ። እሷ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መስመር ስታገናኝ ኖራለች። እያሾፈችበትም ቢሆን ነገሩን ወደደችው።

ፍርሃቱ የጀመረው የዛሬ አምስት ወር ነው። እሱ "ሦስት እርግብ፣ ሰባት ድንቢጥ" ብሎ አንብቦ ሲያበቃ፣ እሷ "ፉጨተኛውስ?" አለችው። ፉጨተኛ ያሉት ሆዱ ቢጫ፣ ክንፉ ጥቁር የሆነ ወፍ ነው። ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ናቸው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ፣ የመጣ ቀን ምሳቸውን ያስረሳቸዋል።

"የት?" አለ አራሚው።

"ገበታው አጠገብ ነዋ! ዓይንህ ሥር!"

አራሚው ፉጨቱን ሰምቷል፤ ቢጫ ወፍ ግን አላየም። ዓይኑ ደህና ነው፤ የዓይን ሐኪሙ ባለፈው ዓመት "የጎረምሳ ዓይን ነው ያለዎት" ብሎት ነበር። ዓይኑ ደህና ከሆነ እንግዲህ የተበላሸው ጭንቅላቱ ነው። ታላቅ ወንድሙ እንዲህ ነበር የጀመረው፤ ፊቱ የተቀመጠውን ብርጭቆ "የታለ?" እያለ። መጨረሻ ላይ የገዛ ልጆቹን "እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?" አላቸው።

በሳምንቱ ፉጨተኛው "መጣ"፤ እሷ አየችው፣ እሱ አላየውም። ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። በአራተኛው ጊዜ አራሚው በሥራ ዘመኑ ሁሉ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ ያላየውን "አየሁ" አለ።

"እኔም ፉጨተኛ አለኝ።"

"ተመስገን!" አለች ሚስቱ፣ በረጅሙ ተንፍሳ።

ለአንድ ወፍ ይህን ያህል ተመስገን ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም። ሰውዬው የራሱን ጉድ ለመደበቅ ደፋ ቀና ሲል የሌላውን ፊት የሚያይበት ጊዜ ከየት ይምጣ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል፤ ፉጨቱን ሲሰማ የሷን ፊት ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ እሷ ስትጽፍ እሱም ይጽፋል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም።

በዚህ መሐል ነርሷ ልጃቸው የቀን ተረኛ ሆነች። "አባዬ፣ ትንሿን ልጄን ስድስት ሰዓት ላይ ከመዋዕለ ሕፃናት ታመጣልኛለህ?" አለችው። ከመዋዕለ ሕፃናቱ እስከ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን መሐል ላይ የጭነት መኪና የሚከንፍበት ሰፊው መንገድ አለ። አራሚው ልጅቷን እጇን ይዞ፣ አስፋልቱ መሐል ላይ ደርሶ፣ "ይቺ የማን ልጅ ናት?" ሲል ታየው። ላብ አጠመቀው።

"ጉልበቴን እያመመኝ ነው" አለ፤ ጉልበቱ ምንም አልሆነም። "እናትሽ ትሂድ። የሷ አእምሮ እንደሆነ ምላጭ ነው።"

ሚስቱ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች፣ ፈታች። ከዚያ "እሺ፣ እኔ አመጣታለሁ" አለች። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች።

ዛሬ ረፋድ ላይ ግን አንድ አይተውት የማያውቁት ወፍ ገበታው ላይ አረፈ። ጀርባው ግራጫ፣ ደረቱ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ቢጫ የሚባል ነገር ያልነካው ወፍ ነው። ከተቀመጡበት አምስት እርምጃ አይርቅም። ምንቃሩን ከፈተና የፉጨተኛውን ፉጨት አንድ ሳያጎድል አፏጨው። ቀጥሎ እንደ እርግብ አጉረመረመ። እንደገና የፉጨተኛውን። ጉሮሮው ሲርገበገብ አራሚው በዓይኑ በብረቱ አየ። የሌላውን ወፍ ድምፅ የሚቀዳ ወፍ! እንዲህ ያለ ወፍ እንዳለ መጽሐፍ ላይ አንብቦ ነበር።

አምስት ወር ሙሉ ያልታየው ወፍ ለካ መጀመሪያውኑ አልመጣም! እብድ አይደለም፤ ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው። ጩህ ጩህ አለው። በደስታ ወደ ሚስቱ ዞረ።

እሷ ፊቷን ወደ ገበታው አቅንታ ፈገግ ብላለች። "ፉጨተኛ፣ አንድ" አለች።

"የት ነው ያለው?" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ገበታው ላይ ነዋ። ዛሬ ደግሞ ቢጫው እንዴት ያምራል!"

ወፉ አሁንም እዚያው ነው። አራሚው አንዴ ወፉን፣ አንዴ እሷን አየ። እሷ ወረቀቷን ወንበሩ ላይ ትታ ተነሳች፣ "ሰዓቱ ደርሷል፣ ልጅቷን ላምጣ" አለች፣ ቦርሳዋን አነሳችና በጣቷ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች።

ወረቀቷን ያየው የውጭው በር ተዘግቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ተጽፏል፤ እርግቡ ድንቢጡን ተጭኖታል፣ ፉጨተኛው ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቷል። ወራት ሙሉ ወረቀቷን ሳታይ በቃሏ ስታነብብለት እንደነበር አሁን ገባው። ለሰው ሁሉ ስህተት ሲያወጣ የኖረው አራሚ ይህን አላየም። ይባስ ብሎ "እኔም አየሁ" እያለ አጸደቀላት። በጆሮዋ ተማምና የምትኖረውን ሴት አይዞሽ ታያለሽ ያላት እሱ ነው። መንገዱ ላይ የሰደዳትም እሱ ነው።

በነጠላ ጫማ ሮጠ። "እያመመኝ ነው" ያለው ጉልበት አልከዳውም።

ሰፊው መንገድ ጋ ሲደርስ እሷ ልጅቷን ተቀብላ በወዲያኛው ጠርዝ ቆማለች። መብራቱ ለእግረኛ ቀይ ነው። ሊጣራ አፉን ከፈተና ዘጋው፤ ልጅቷ ድምፁን ብትሰማ እጇን አስለቅቃ ወደ እሱ ትሮጣለች። እጁን አወዛወዘ። ሚስቱ ፊቷ ወደ እሱ ዞሮ ሳለ እጁን አላየችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ የሰው ኮቴ ታዳምጣለች፤ ሌላው ሲሻገር ልትሻገር።

አጠገቧ የቆመ አንድ ችኩል ሰው ቀዩን ጥሶ ወደ አስፋልቱ ገባ። እሷም ኮቴውን ተከትላ፣ ልጅቷን ይዛ፣ ወረደች።

የጭነት መኪናው ጥሩምባ ሰፈሩን አናወጠው። ወደ ኋላ ተወረወረች፤ ልጅቷን ጎትታ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። መኪናው በክንድ ርቀት አለፈ። አራሚው መቼ አረንጓዴ እንደ በራ፣ እንዴት እንደተሻገረ አያውቅም። ሚስቱ ተነስታ ቆማለች፣ ልጅቷ በአያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ ታለቅሳለች። ትንፋሹ ተቆራርጦ መናገር አቃተው፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ ጎንበስ አለና የልጅቷን እጅ ያዘ።

ሚስቱ ልጅቷን ወደ ራሷ መነጨቀቻት።

"ልቀቃት! ማነህ አንተ?" ብላ ጮኸች፣ ዓይኗን ዓይኑ ላይ እንደ ተከለች። "የሰው ያለህ! ልጄን ሊወስድብኝ ነው!" በቦርሳዋ ትከሻውን መታችው። ደገመችው። እሱ እያለከለከ ቆሞ ተመታ።

ልጅቷ ከቀሚሱ ውስጥ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው።

"እማማ" አለች እየተንሰቀሰቀች፣ "አባባ እኮ ነው።"