የካባው ሐኪም

ገብረየስ በሱሉልታው የድንጋይ ካባ ድሬሰር ሆኖ ሲቀጠር የተሰጠው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አዮዲን፣ ጥጥና ፋሻ ነበር። የሠራተኛውን አቤቱታ መስማት በኋላ የመጣበት ሥራ ነው። የኮንትራክተሩ ወኪል አቶ ተድላ፣ የሚያማርር ሰው በመጣ ቁጥር «እሱን ለድሬሰሩ ንገረው» እያለ ይመልስ ጀመር፤ በዚያው ቀረ።

ጊዜው አዲስ አበባ ለአፍሪካ ዋንጫ ሽር ጉድ የምትልበት ነበር። ለስታዲየሙ መቀመጫ የሚሆነው ድንጋይ ከዚህ ካባ ተጠርቦ በካሚዮን ወደ ከተማ ይወርዳል። ሠራተኞቹ የሚጠጡት ውሃ ደፍርሷል፣ የሚያድሩበት መጠለያ ያፈሳል ይላሉ። ገብረየስ ሰምቶ ለተድላ ያደርሳል። ተድላም ሁልጊዜ መልሱ «ከጨዋታው በኋላ» ነው። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ገብረየስን ያንገበግበው ነበር። እያደር ግን እጁ ቁስል ሲያጥብ፣ አፉ መልስ ሲያደርስ ልቡ ምንም ማለት ተወ።

አንድ ጠዋት የጠራቢዎቹ አንጋፋ ኦቦ መገርሳ ወደ ክፍሉ ገቡ።

«አከም ቡልቴ፣ ሐኪም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ሆኑ፣ ኦቦ መገርሳ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ፍንጣሪው ነው ያስቸገረን። ዓይን የሚከልል መነጽር አለ አሉ። እሱን ንገርልን።»

ገብረየስ ነገረ። መልሱንም ይዞ መጣ። ሽማግሌው «እንግዲህ እንጠብቃለን» ብለው ወደ መዶሻቸው ተመለሱ።

ጨዋታው ሲቃረብ ጥድፊያው ባሰ። ኦቦ መገርሳን ሁለት ሰዎች ደግፈው ያመጧቸው በዚያ ሰሞን ነው። ገብረየስ ግራ ዓይናቸውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ በፋሻ ሸፍኖ፣ ድንጋይ በጫነ ካሚዮን ጋቢና አሳፍሮ ወደ ከተማ ሰደዳቸው። ሐኪም ቤት ዓይናቸውን ሊያተርፈው አልቻለም። ቁስሉ ጠግጎ ሲመለሱ ተድላ በር ላይ ተቀበላቸውና፣ «በአንድ ዓይን መጥረብ አይቻልም፣ አባቴ» ብሎ አሰናበታቸው።

ያኔ የካባው ሰው ሁሉ መዶሻውን አስቀምጦ ቁጭ አለ።

ተድላ እየሮጠ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል መጣ። «አንተን ይሰማሉ፤ ሂድና አስነሣቸው!»

ገብረየስ ሄደ። ደቻሳ የሚባል ወጣት ጠራቢ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ አየው።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«ምንም።»

ከደቻሳ ጎን ተቀመጠ። ጀግንነት አልነበረም፤ ተመልሶ ለመሄድ ጉልበት አጥቶ እንጂ። ባዶዎቹ ካሚዮኖች ተሰልፈው ቆሙ። ተድላ ከሩቅ ተጣራ፣ ተሳደበ፣ በመጨረሻ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ከተማ ወረደ።

በማግስቱ መነጽሩ መጣ። ለሁሉም አልበቃም፤ እየተቀባበሉ አደረጉት። ኦቦ መገርሳ ወደ ሥራ አልተመለሱም። ገብረየስም ከሥራ ተሰናበተ።

ዕቃውን ሸክፎ ኦቦ መገርሳን ሊሰናበት ቤታቸው ሄደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሚ ወተት ቀዱለት።

«መነጽሩ ደረሰላቸው?» አሉ ሽማግሌው።

«ደረሰ።»

«ደግ ነው። አንተስ ወዴት ነህ?»

«ሰበታ። አንድ ፋብሪካ ድሬሰር ይፈልጋል ብለውኛል።»

«እዚያም አቤቱታውን ላንተ ይነግሩህ ይሆናል።»

«ይሆናል፣ ኦቦ መገርሳ።»

የዳነውን ቁስል እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አየው። ይቅርታ ሊጠይቃቸው አስቦ ነበር የመጣው፤ ሽማግሌው ግን የጠበቁ አይመስሉም። ወተቱን ጨርሶ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ።

አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ሰው ራዲዮ ከቦ ይጮኻል፤ ጨዋታው ተጀምሯል። አንዱ «ና እንጂ፣ አገባን እኮ!» ብሎ ክንዱን ያዘው። ገብረየስ «እሰይ» አለውና ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ፣ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰው እስኪሞላ ጠበቀ።