የደፍ ፉክክር

ረይሀና ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። ሱቁን ያቋቋሙት ከወሎ የመጡት አባቷ ናቸው፤ እሷም ያደገችው በጨርቅ ጥቅሎች መሀል ድብብቆሽ እየተጫወተች ነው። በአባቷ ጊዜ ዝናብ ይሉኝታ ነበረው። ሰኔ ግም ሲል ይጀምርና መስከረም ሲጠባ ይሰናበታል። አሁን ግን ዝናቡም አራዳ ሆኗል፤ በፈለገው ወር፣ ሳይጠሩት ከች ይላል።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ከሰዓት እንዲሁ ከች አለ። ጠዋት ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ እንደተገለበጠ በርሜል ወረደ። የረይሀናና የሁለት ጎረቤቶቿ ሱቆች ከመንገዱ ዝቅ ብለው ነው የተሠሩት፤ ጎርፉ ከአስፋልቱ ታጠፈና "ቤቶች!" ሳይል ገባ። ረይሀና ነገሩ እስኪገባት ከታች የደረደረቻቸው ጥቅሎች ውሃ ጠጥተው ነበር። የቬሎ ጨርቅ ሳይቀር ጭቃ ለብሶ ስታይ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ግንበኛ ጠራች።

ግንበኛው በሯ ላይ ብሎኬት ደርድሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ ጉልበት የሚደርስ ደፍ ሠራላት። በቀጣዩ ዝናብ ሱቋ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ባንኮኒዋን ተደግፋ፣ ሻይዋን እየጠጣች፣ ጎርፉን እንደ ሲኒማ ስታይ ከጎን ጩኸት ሰማች።

"ረይሀና! ነይ ውሃሽን ውሰጂ!"

ጋሽ እምሩ ናቸው፤ ከጎኗ ወርቅ የሚሠሩ፣ ቁጡ ግን ልበ ቀና ሽማግሌ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃ ውስጥ ቆመዋል።

"የኔ ነው ያለዎት ማነው ጋሼ? ስሜ ተጽፎበታል?"

"በርሽን ገድበሽ ወደኔ ላክሽው እንጂ! እኔ የውሃ ማጠራቀሚያ ነኝ?"

ተኳረፉ። ጋሽ እምሩ ከእሷ ከፍ ያለ ደፍ አስገነቡ። ጎርፉም ከእሳቸው ቀጥሎ ወዳለው የየሺዓለም ቁርስ ቤት ገባ፤ ተመጋቢዎቹ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ፉላቸውን ጨረሱ። የሺዓለም ወሬ አታበዛም። በማግስቱ ከሁለቱም የሚበልጥ ደፍ አሠራች። የሚቀጥለው ዝናብ መግቢያ ቢያጣ ደጃፉ ላይ ተጠራቅሞ፣ ተጠራቅሞ፣ በመጨረሻ ዝቅ ያለውን ደፍ ፈልጎ ዘለለ፤ የረይሀናን። እሷም ግንበኛውን መልሳ ጠራች። በዚያ ሰሞን የተጠቀመ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

እማማ እፀገነት ባይመጡ ኖሮ ፉክክሩ ማብቂያ አልነበረውም። እማማ እፀገነት ገዘፍ ያሉ፣ ከአባቷ ጊዜ ጀምሮ የረይሀና ሱቅ ደንበኛ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ጨርቅ ሊገዙ መጡ። አንድ እግራቸውን በደፉ ላይ አሻገሩ፤ ሌላኛው ግን አልከተል አላቸው። አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ፣ መሀል ላይ ቁጭ።

"ልጄ፣" አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ "ይኼ ሱቅ ነው በቅሎ?"

ረይሀና ከውስጥ ብትስብ፣ ብትስብ አልሆነላትም። ጋሽ እምሩ ኩርፊያቸውን ረስተው መጡና ከውጭ ደገፏቸው። በዚህ መሀል ዝናቡ ጀመረ፤ የቆርቆሮው ውሃ በቀጥታ ጋሽ እምሩ አናት ላይ ይወርድ ጀመር። በስንት መከራ እማማ እፀገነት ገቡ፤ ጋሽ እምሩም ተንደርድረው ከኋላቸው ገቡ። ሦስቱም ጨርቁ መሀል ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሳቁ በረድ ሲል ረይሀና ወደ ውጭ ተመለከተች። አስፋልቱ ገና መራሱ ነው፤ ደጃፏ ግን ኩሬ ሆኗል።

"ጋሼ፣ ይኼን ይዩ። ከመንገዱ ገና ምንም አልመጣም። ይኼ የራሳችን ጣሪያ ውሃ ነው።"

ጋሽ እምሩ ከፀጉራቸው ውሃ እያራገፉ አዩ። "እውነትሽን ነው። የሦስታችንም ቆርቆሮ ወደ ደጅ ነው የሚያፈሰው። እና እኔ ይኼን ሁሉ ጊዜ አንቺን ስሰድብ..."

"ይተዉት፤ እኔም ዝም አላልኩም።"

እሑድ፣ ጋሽ እምሩ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ፣ ነገሩን ከሰማችው ከየሺዓለም ጋር ሦስቱም አካፋ ይዘው ወጡ። ደጃፉ ላይ ተደፍኖ የኖረውን የጎርፍ መውረጃ ሲከፍቱት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የብርቱካን ልጣጭና የጨርቅ ቁርጥራጭ ወጣ። ልጣጩ ሲወጣ ሁሉም ወደ የሺዓለም፣ ቁርጥራጩ ሲወጣ ወደ ረይሀና ዞሩ።

"የኔ ወርቅ ካለበት ለይታችሁ አስቀምጡልኝ፣" አሉ ጋሽ እምሩ።

ከዚያ በጣሪያው ጠርዝ ሙሉ አሸንዳ አዘረጉ። አሸንዳው በቁርስ ቤቱ ጎን ወደተተከለ ትልቅ ሮቶ ይገለብጣል፤ የተረፈው ወደ መውረጃው ይሄዳል። የቀረው ደፎቹን ማፍረስ ነበር። መዶሻው ሲመጣ ረይሀና ደፏ ላይ ቆመች።

"ባይሠራስ?"

"ባይሠራ ግንበኛው የት ይሄዳል?" አለች የሺዓለም።

ሰው በቀላሉ የሚሻገረውን ያህል ብቻ አስቀሩ። ረይሀና ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችም፤ ጥቅሎቿን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ አወጣቻቸው።

ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ፣ ታክሲዎቹን ባሉበት ያቆመ ዝናብ መጣ። ወደ ሱቁ ጥቂት ውሃ ገባ፤ ረይሀና በመጥረጊያ መልሳ አስወጣችው። ጨርቆቿ ደረቅ ናቸው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋም የሺዓለም ከሮቶው እየቀዳች ሰሃኗን ታጥባለች።

አሁን ከላይኛው መንገድ ያሉ ነጋዴዎች አሸንዳውን ሊያዩ ይመጣሉ። ጋሽ እምሩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ሁሉንም ብቻቸውን ያሰቡት ይመስል፣ እንደ መሐንዲስ ያስረዳሉ። ረይሀና በክፍቱ በር ትሰማቸዋለች። ደንበኛ እያስተናገደች ስለሆነ አታርማቸውም፤ ፈገግ ብላ ሜትሯን ትዘረጋለች።