ዘጠኝ ቁጥር

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎቼ ከሒሳብ ሸሽተው የመጡ ናቸው። ሒሳብ ግን እኔን፣ የስታቲስቲክስ መምህሯን፣ ልኮ ደጃቸው ድረስ ተከተላቸው። ኮምፒውተሩን ገና ሲከፍቱ ፊታቸው መራራ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው ይጨማደዳል። ይህን ችዬ ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ያየሁትን ግን አልቻልኩም።

ሥራ ቶሎ ስለሚጨርስ "ጥይቱ" የምንለው ተማሪዬ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሊያፈርሰው ያሰበው ገበያ ይፍረስ አይፍረስ ብሎ ነጋዴዎቹን ጠይቆ ነበር። አንድ ቁጥር "በጣም እቃወማለሁ"፣ አምስት "በጣም እደግፋለሁ" ነው። መመለስ ላልፈለገ ሰው ዘጠኝ ይሞላለታል። ጥይቱ ታዲያ ኮምፒውተሩን "ከአራት ጀምሮ ያለውን ሁሉ ደጋፊ በል" ብሎ አዘዘው። ኮምፒውተር የታዘዘውን እንጂ የታሰበለትን አይሠራም። ዘጠኝ ከአራት ይበልጣልና አፉን የዘጋው ሁሉ ደጋፊ ሆኖ ቁጭ አለ።

"ግማሹ ሰው እኮ አልመለሰልህም! እነማን ናቸው እነዚህ?" ብዬ ጮህኩበት።

አንገቱን ደፋ። "አንዷ እናቴ ናት፣ መምህር። 'እቃወማለሁ ብዬ ሱቄን በክፉ ላስመዝግብ? ተወኝ ልጄ' አለችኝ።"

የወለደችውን እናቱን የገዛ ሱቄ ይፍረስ ባይ አድርጓት አረፈው! ደሜ ፈላ።

አሳረምኩት። ዘጠኞቹ ሲወጡ የደጋፊው ቁጥር እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። ውጤቱን ይዤ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከነፍኩ። እሱ ግን ጥይቱ አስቀድሞ የሰጠውን ለማዘጋጃ ቤቱ ልኮ፣ ሹሞቹን ለማግስቱ ጋብዞ ጨርሷል።

"እህቴ፣ ነገር አታካብጂ። ዝም ያለ ተስማማ ማለት ነው።"

"ዝም ያለው ፈርቶ ቢሆንስ፣ ዶክተር? እርስዎ ፖለቲካ አይደል የሚያስተምሩት?"

"ነገ አዳራሹ ውስጥ ትንፍሽ እንዳትዪ። ትምህርቱን ከነአስተማሪው መሰረዝ አያቅተኝም።"

ንዴቴ እስከ ማግስቱ አልበረደም። እንዲበርድም አልፈለግሁም።

በማግስቱ ጥይቱ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ በተሳሳተው ውጤት ደጋፊው በአረንጓዴ ቀለም ተንጣልሏል፤ ሹሞቹም ራሳቸውን በደስታ ይነቀንቃሉ። ኃላፊው "ጥያቄ ያለው አለ?" አለ፣ እኔን በዓይኑ እየቆነጠጠ።

ተነሳሁ። "እኔ አለኝ፣ ለእንግዶቻችን። የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ይፍረስ ቢባል ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ? መልሳችሁን ከነስማችሁ መዝግቤ ለአለቆቻችሁ እልካለሁ።"

ሹሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ አሳለ፣ ሌላው ስልኩን መነካካት ጀመረ። አንድም አፉን የከፈተ የለም።

"ጥይቱ፣ ለሁሉም ዘጠኝ ሙላ።"

ልጁ ኃላፊውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ሞላ።

"በመጀመሪያው አሠራርህ አስላልን።"

ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ።

"መቶ በመቶ ይደግፋሉ፣ መምህር" አለ ጥይቱ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ።

ወደ ሹሞቹ ዞርኩ። "እንግዲህ ተስማምታችኋል" አልኳቸው። "መቼ እናፍርሰው?"