ወፍ የሌለበት የወፍ በሽታ

የኢክላስ ባል ዩኒስ ለታመመ ጓደኛው ደም ልሰጥ ብሎ ሄዶ «ደምህ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ» ተባለ። እኔ ይህንን የሰማሁት እሷ እያለቀሰች ቤቴ ስትመጣ ነው። ኢክላስ ከጨቅላነቷ ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ናት። ካገባች ዓመት አልሞላትም፤ ልጅ፣ ልጅ ስትል ነበር የከረመችው።

«እዚሁ ተቀመጪ፤ አትመለሺም» አልኳት።

ጎረቤቴ ዑባህ ለቅሶውን ሰምታ መጣች።

«እንዴ፣ ዐጋርሾው ነዋ! እናንተ የወፍ በሽታ የምትሉት። ሆዱን በእሳት ይተኮስና የግመል ወተት ይጠጣ።»

እኔ ደግሞ ያደግኩት የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበት ሰው በዚህ ይያዛል ሲባል እየሰማሁ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ብማርም መጽሐፍ ላይ እንዲህ የሚል አላየሁም። ቢሆንስ? ጠዋት እነኢክላስ ቤት ሄጄ ቆርቆሮው የተነሣበትን ቀዳዳ ሁሉ በጆንያ አስደፈንኩ። ዩኒስንም በር ላይ አቁሜ የዓይኑን ቆብ ገለጥኩት።

«አዬዮ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አለኝ። ጅጅጋ ያደገ ሁሉ አያትን እንዲህ ነው የሚጠራው።

«ቢጫውን።»

«የለም እኮ። እኔን ምንም አላመመኝም።»

ይኸው! ያላመመው ሰው እንዴት በሽተኛ ይሆናል? ግራ ሲገባኝ ኢክላስን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተር ፀዳለ ደሟን አስመርምራ «እድለኛ ነሽ፣ አልተያዝሽም። ክትባቱን ዛሬውኑ እንጀምር» አለቻት።

«ሲስተር፣ ጣሪያውን ደፍኜዋለሁ» አልኩ።

«የምን ጣሪያ?»

«ወፏ እንዳትገባ።»

ሣቋን ዋጥ አደረገችው። «እማማ፣ ወፉ ስሙ ላይ ብቻ ነው ያለው። ይሄ የሚተላለፈው በደምና በግንኙነት ነው። ከአንድ ሳህን ቢበሉ ምንም የለም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ። የስድስት ወሩን ክትባት ጨርሳ፣ መከላከያው መያዙ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ።»

«ሆዱን ቢተኮስስ?»

«ኧረ በፍጹም! የሚተኮስበት ብረት ራሱ ደም ይዞ ለሌላው ቢተርፍስ? እሱ ለጉበቱ ክትትል ይምጣ።»

«ልጅስ?» አለች ኢክላስ፣ ቀስ ብላ።

«ትወልጃለሽ። መከላከያው ከያዘልሽ ኮንዶሙን ትተዉታላችሁ። ሕፃኑም ሲወለድ ይከተባል።»

ሳህኑ አይጎዳም፣ አልጋው ይጎዳል። አልጋው ደግሞ በኋላ አይጎዳም። የቱን ይዤ የቱን ልጣል?

እንደወጣን ኢክላስ የተወጋችውን ክንዷን ይዛ «አዬዮ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» አለችኝ።

«ክትባቱን እኔ ጋ ሆነሽ ብትጨርሺስ?»

«ግማሽ ዓመት? ባሌን ትቼ? ሲስተር እኮ ፈቅዳልናለች።»

ያሳደግኳትን ልጅ ለአንዲት ቀጭን ላስቲክ አምኜ ልስጥ? ባጃጅ አስቆመች። ገብታ ስትቀመጥ ልጠይቃት አንገቴን አስገባሁ፤ ሾፌሩ ግን ጆሮውን ጥሏል።

«ለመሆኑ ዩኒስ… ያንን ነገር ገዝቷል?»

«ምኑን?»

«ያንን ነዋ!»

«ጋዝ ነው እናቴ? ይዘን እናልፋለን» አለ ሾፌሩ።

ኢክላስ ከመጣች ወዲህ ገና አሁን ሣቀች። ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ ሲስተር የሰጠቻትን ፓኮ አሳየችኝ፣ እዚያው መንገድ ላይ!

«ዝጊው አንቺ! ዝጊና ሂጂ» አልኳት። «ሂጂ በቃ፣ ባልሽ ይጠብቅሻል።»