ሃያ ሁለቱም ባትሪ ሲታመም

ጠዋት ከሰው ጋር ከመነጋገሬ በፊት ባትሪ እመርጣለሁ። ሃያ ሁለት የእጅ ባትሪ አለኝ፤ ካልሲ መቀመጥ በነበረበት መሳቢያ ውስጥ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ካልሲው የት እንደሄደ ባለቤቴን ጠይቋት።

ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። በዚህ ሥራ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ውጭ ፀሐይ አናት ቢበሳም ሊፍት የሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ስለዚህ ባትሪ ለኔ ጌጥ አይደለም። በቀን ሦስት እይዛለሁ፦ አንዱ አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል፣ አንዱ ደረት ኪሴ ላይ ይሰካል፣ አንዱ ቀበቶዬ ላይ ይታሰራል። ብርሃኑን ሩቅ የሚወረውረውን አልፈልግም፤ እጁ ሥር ለሚሠራ ሰው ሰፋ ብሎ የሚፈስ ይሻላል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ብርሃን ዝገት ይደብቃል፤ ሞቅ ያለው ቢጫ ያጋልጣል። ማብሪያው ኪስ ውስጥ በራሱ የሚበራ ከሆነ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። ይህን ሁሉ ለጠየቀኝ ሰው እናገራለሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜ "ዓይናማው" ነው። ሊፍቱን በሚሸከመው የሽቦ ገመድ ላይ ፀጉር የምታክል ሽቦ ብትበጠስ፣ ባትሪዬን ጋደም አድርጌ በጥላዋ እይዛታለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ ግን ዓይን አያምንም። ሊፍቱን ቀስ እያስኬደ ገመዱን በጨርቅ ይይዛል፤ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጨርቁን ይነክሳል። ያንንም ከጨረሰ በኋላ "ይደገም" ይላል። ስሙም ይደገም ሆኖ ቀረ። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ።

ዘንድሮ ግን ደከመኝ። እንቅልፍ የማያወጣው ዓይነት ድካም ነው። ባትሪዎቼም አብረውኝ የደከሙ መሰለኝ። መጀመሪያ የምወደው ባለ ናሱ ፈዘዘብኝ፤ ድንጋዩን ቀየርኩለት። ከዚያ የቀበቶዬ ፈዘዘ። አዲስ ገዛሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው እሱም ፈዘዘ። ባለ ሱቁን "ፎርጅድ ድንጋይ ነው የምትሸጠው" ብዬ ሰው ፊት አዋረድኩት። ሰውዬው በልጆቹ ስም ማለልኝ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወጣሁ።

ማስረጃ ነበረኛ! ከዓመታት በፊት የጀመርኩት ደብተር አለ። በወር አንድ ጊዜ የቤታችንን መተላለፊያ መጋረጃ ዘግቼ፣ ጫፉ ላይ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ባትሪውን አብርቼ፣ ጽሑፉ መነበብ እስኪያቅተኝ ወደ ኋላ እየተራመድኩ እርምጃውን እመዘግባለሁ። ባለ ናሱ ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለት እርምጃ ነበር። በቀደም ከሥራ ገብቼ ስለካው ሰባት። ሌላው ከአሥር ወደ ስድስት። ሁሉንም ለካሁ። ሁሉም ወርደዋል።

"አላልኩሽም!" አልኳት ባለቤቴን። "ዘንድሮ የሚሸጠው ድንጋይ በሙሉ ውሸት ነው።"

ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ደብተሩን ተቀብላ ገጹን አገላበጠችው።

"ሃያ ሁለቱም?"

"ሃያ ሁለቱም።"

"በአንድ ዓመት ሃያ ሁለቱም ባትሪ ታመመ፣ አንተ ብቻ ደህና ሆንክ?"

የቁልፍ መያዣዋን ከቦርሳዋ አወጣች። እሱ ላይ አውራ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ባትሪ አለች፤ ሻምፑ ስትገዛ ምርቃት የሰጧት ናት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ብትገባ የማፍርባት። አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥራ ቆመችና አበራቻት። የመድኃኒቱን ስም አነበበች። አወሳሰዱን አነበበች። ከታች ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ሁሉ አነበበች።

"ጊዜውም አልፎበታል" አለች።

ልስቅ ሞከርኩ፤ ሳቁ አልመጣም። ሰላሳ ዓመት ሌላውን ሳበራ ኖሬ፣ የጠፋው እኔው ነኝ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሐኪም እንይ።"

እኔ ግን ስለ ሐኪም አልነበረም የማስበው። ከሦስት ወር በፊት ይደገም ታሞ፣ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ገመድ ብቻዬን ፈትሼ ነበር። ጨርቁን አልነካሁትም። ለዓይናማ ጨርቅ ምን ያደርግለታል? አይቼ፣ ደህና ነው ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። የዚያን ቀን ሰባተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እማማ በር ላይ ጠብቀውኝ "አየኸው?" አሉኝ። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ደህና ነው" አልኳቸው። መርቀውኝ ሊፍቱ ውስጥ ገቡ።

በማግሥቱ ሥራ እንደገባን ይደገምን ወደ ጎን ጠራሁት። "የዚያ ሕንፃ ገመድ ይደገም" አልኩት። ይቀልድብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊቴን አየና ጨርቁን ይዞ ተነሳ።

ሞተር ክፍሉ ጣሪያው ሥር ነው። እሱ ጨርቁን ይዞ፣ እኔ ባለ ናሱን አጋድሜ፣ ሊፍቱን ቀስ አድርገን ለቀቅነው። ሁለት ጊዜ አሳለፍነው፤ በሦስተኛው ጨርቁ ተያዘ። ማቆሚያውን መታሁት።

"ይታይሃል?" አለኝ።

ብርሃኑን አስጠጋሁ። ቅባት ብቻ ነው የሚታየኝ።

"አይታየኝም።"

ባትሪውን ከእጄ ወሰደው። ሰው ባትሪዬን ከእጄ ሲወስድ የመጀመሪያው ነው። በሌላ እጁ ጣቴን ይዞ ገመዱ ላይ አሳረፈው። ወጋኝ። አንድ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ተከታትለው። አምስት ቆጠርኩ። "እዚሁ ቦታ ዝጓል" አለ ይደገም ባትሪውን አስጠግቶ። "ዝገቱ የቆየ ነው፤ ከሦስት ወር በፊትም ነበር።" ሞተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሊፍቱን አጠፋነው። መዝገቡ ላይ ካለፈው ፊርማዬ ሥር "አይቻለሁ ብዬ ፈርሜ ነበር፤ አላየሁም" ብዬ ጻፍኩ። ይደገም አነበበው። እንደ ልማዱ "ይደገም" አላለም።

በደረጃ ወረድን። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ይደገም ከፊት ሆኖ ባለ ናሱን ወደ እግሬ እያበራልኝ ነው የሚሄደው። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ እማማ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

"ማነው ያጠፋው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ባለፈው ደህና ነው ብለኸኝ አልነበረም እንዴ? አንተ አይተኸዋል ብዬ እኮ ነው ስወጣ ስወርድ የከረምኩት!"

የገመድ ሽቦ በሦስት ወር ይበጠሳል ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር። ይደገምም ዝም ይልልኝ ነበር። ዞር ብሎ ሲጠብቀኝ ተሰማኝ።

"ብዬ ነበር" አልኳቸው። "አላየሁም ነበር። ዓይኔ ታሟል።"

ባለቤቴ እንኳ ይህን ከአፌ አልሰማችም። እማማ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳዩኝ አላውቅም፤ በዚያ ጨለማ ከሁለት ክንድ ላይ ሆነው ፊታቸው አይለይልኝም። በረጅሙ ተነፈሱ፣ ወይ ድካሙ ነው ወይ ንዴቱ። ዘንቢሉን ለማንሳት ጎንበስ ስል እጃቸው ክንዴን ያዘኝ።

"ዘንቢሉን ለሱ ስጠው" አሉኝ። "አንተ እኔን ያዝ። ከዚህ አምስተኛው ደረጃ ተሸርፏል፤ ካላወቁት ይጥላል።"

ሦስታችንም ወደ ላይ ዞርን። እማማ በየደረጃው እየቆጠሩልኝ ነበር። አምስት ሲሉ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ነው፣ ልጄ። እግርህን አንሳ።"

አነሳሁ።