ማዘር አርጅታለች

ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ፤ የልብስ ሰፊዋ ቤት ግድግዳ ግን እግርም ነበረው። እግሩ ጎረቤትየዋ ናት። ሰፈሩ "ሬዲዮ" ነው የሚላት፤ ባትሪ የማትጨርስ ሬዲዮ። ያን ቀን አንዱን ነጠላ ጫማ ተጫምታ አንዱን በእጇ አንጠልጥላ ልብስ ሰፊዋ ቤት ዘው አለች።

"አንቺ እዚህ ጨርቅሽን ቅደጂ! ልጆችሽ ሊያወጡሽ ነው!"

"ከየት?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች። የልጅነት ጓደኛዋ ፀጉር ሠሪዋ ቀሚስ ልትለካ ፊቷ ቆማለች፤ የቀሚሱ አንድ እጅጌ ገና አልተሰፋም።

"ከቤትሽ ነዋ! በነዚህ ጆሮዎቼ! ወንዱ 'ማዘር አርጅታለች፣ ከአዲሱ ጋር አትሄድም' ሲል፣ ሴቷ ደሞ 'እንግዲያ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ እንስጣት' አትልም! ቆይ ግን፣ አዲሱ ማነው? ሳልሰማ ባል አገባሽ እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ስፒሎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚያች መስኮት ስር ጎብጣ፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ያሳደገቻቸው ልጆች!

"ሂጂ ወዲያ፣ ወሬኛ" አለች። ዓይኗ ግን ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ ለሷ ኖሯል።

ተነሳች። በእግር ጣቷ እየተራመደች የልጆቹ ክፍል በር ላይ ተለጠፈች። ሬዲዮ ከኋላዋ፣ ባለ አንድ እጅጌዋ ደሞ ከሬዲዮ ኋላ።

"እኔ የሠርግ ቪዲዮ ስጭንባት ማዘር ትግላለች" ትላለች ሴቷ ልጅ ከውስጥ። "ከጋለች በኋላ ቀጥ ነው።"

"ጌም ስከፍትባትማ ትቃጠላለች!" አለ ወንድሟ።

"እኮ! ሳትቃጠልብን በሌላ ማዘር እንቀይራት።"

በሌላ ማዘር! ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ተደገፈች፤ በሩ ተበረገደና ሦስቱም ተደራርበው ገቡ።

"ምን በደልኳችሁ?" አለች እናት ከመሬት ሳትነሳ። "ቆይ፣ እኔን ማን ይገዛኛል?"

ልጆቹ ደርቀው ቀሩ። መሬቱ ሁሉ ካርቶን፣ ሽቦ፣ ትንንሽ ፋን ነው። ልጅቷ እጇ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሰሌዳ አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

"እማዬ! ማዘር እኮ ይቺ ናት! ማዘርቦርድ! የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚሰካው እሷ ላይ ነው። ይቺን የሱ ጓደኛ ነው የሰጠን፣ አሮጌ ናት፣ አዲሱን የቪዲዮ ካርድ አትችለውም። እኔ ፊልም የማቀናብርበት፣ እሱ የሚጫወትበት፣ የመጀመሪያችን ኮምፒውተር እኮ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮ ራሷ ሆዷን ይዛ "እኔማ የሰማሁትን ነው ያስተላለፍኩት!" አለች። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰሌዳዋን ተቀበለችና ዳበስ ዳበስ አደረገቻት።

"አይ እህቴ! ሁሉም አንቺ ላይ ነው የሚሰካው?"

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ያልሳቀችው ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ናት።

"ይሄ ሁሉ ኮተት ተገጣጥሞ የት ሊቀመጥ ነው?"

"መስኮቱ ጋ ነዋ!" አለ ልጁ፣ ሳቁ ገና ሳይለቀው። "ብርሃኑም፣ ሶኬቱም እዚያ ነው። የእማዬን የስፌት መኪና ጓሮ፣ ዕቃ ቤት እናወጣታለን።"

የልብስ ሰፊዋ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሰሌዳዋን እቅፏ ውስጥ ጥብቅ አደረገቻት።

ፀጉር ሠሪዋ ባዶ ክንዷን ወገቧ ላይ አድርጋ ልጆቹን ተራ በተራ አየቻቸው።

"ታዲያ ሬዲዮ ምኑን ነው የተሳሳተችው?"